ከቦሌ ከፍታ የሚነሳ ያገለገለ አውሮፕላን መምረጥ፦ የአንድ ግዢ የጉዳይ ጥናት

በጥር 2017 ዓ.ም. በቡና ላኪነትና በእርሻ ልማት የተሰማሩ፣ ዕድሜያቸው ስልሳን የተሻገረ አንድ ባለሀብት ከብሔራዊ ትያትር ወደ ሰንጋ ተራ በሚወስደው መንገድ ዳር ወደሚገኘው ቢሮአቸው ጠሩኝ። የእሳቸውንም ሆነ የድርጅታቸውን ስም በዚህ ጽሑፍ አልጠቅስም፤ የአውሮፕላኖቹን መለያ ቁጥርና የሻጮቹን ማንነትም ትቼዋለሁ። ዋጋዎቹና የውሳኔው አካሄድ ግን በእጄ ካለው የሥራ ማስታወሻ የተወሰዱ ናቸው።

ጠረጴዛቸው ላይ በቀለም የታተመ የሽያጭ ማስታወቂያ ተዘርግቶ ነበር። «ኢንጂነር፣ አውሮፕላኑን እኔ አግኝቼዋለሁ፤ አንተ ሞተሩን ብቻ እይልኝ» አሉኝ። በወረቀቱ ላይ የሚታየው ሴስና ግራንድ ካራቫን ሲሆን የተጠየቀበት ዋጋ 980,000 የአሜሪካ ዶላር ነበር። «ጋሼ፣ ከሞተሩ በፊት ጉዞዎን ልየው» ብዬ መለስኩላቸው። መልሱ አላስደሰታቸውም። ቀጥሎ ባሉት ሦስት ሳምንታት ያወራነው ስለ አውሮፕላን ሳይሆን ስለ መኪና ነዳጅ ደረሰኝ፣ ስለ ውሎ አበልና ስለ አየር ትኬት ነበር።

ባለሀብቱ በዓመት 300 ሰዓት እንደሚበሩ እርግጠኛ ነበሩ። የሒሳብ ክፍሉን የምትመራው ልጃቸው ያለፉትን አሥራ ሁለት ወራት ጉዞ ከደረሰኝ ላይ አንድ በአንድ ስትለቅም የተገኘው ሌላ ነው። በወር በአማካይ ሦስት ጊዜ ወደ ጅማ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ጋምቤላ፣ አንድ ጊዜ ወደ አርባ ምንጭ ተጉዘዋል። ይህ ሁሉ በራሳቸው አውሮፕላን ቢደረግ ከ180 ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ከዚያም ውስጥ መደበኛው የሀገር ውስጥ በረራ በሰዓቱ የሚመቻቸውን ጉዞ ስናወጣ ወደ 130 ሰዓት ወረደ። ተሳፋሪው ደግሞ እንደታሰበው አሥር ሰው ሳይሆን ብዙውን ጊዜ አራት፣ ሲበዛ ስድስት ሰው ነበር፤ አልፎ አልፎ የውሃ ፓምፕ ወይም የመፈልፈያ ማሽን መለዋወጫ ይጨመርበታል። ይህ ዝርዝር ባይሠራ ኖሮ የተገዛው ነገር ሌላ በሆነ ነበር።

በ130 ሰዓት መሠረት ስናሰላው አውሮፕላን ከመግዛት ይልቅ በቻርተር መከራየት በጥቂቱም ቢሆን ይረክሳል፤ ይህንንም በጽሑፍ አቀረብኩ። ባለሀብቱ ወረቀቱን አንብበው «በኅዳርና በታኅሣሥ ቡና ሲለቀም እኔ በፈለግኩበት ቀን የሚከራይ አውሮፕላን አገኛለሁ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እንደማያገኙ አውቃለሁ፤ ሁሉም የሚፈልገው በዚያው ወቅት ነው። ሰው የራሱን አውሮፕላን ሲገዛ ዋናው ምክንያት ሒሳቡ ሳይሆን ቀኑን በእጁ ማድረጉ ከሆነ ያንን በግልጽ ቢናገረው እመርጣለሁ። እሳቸው ስለተናገሩት ወደሚቀጥለው ጥያቄ ማለፍ ቻልን።

የሚቀጥለው ጥያቄ ቦሌ ነበር። የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 7,630 ጫማ፣ ማለትም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ መደበኛ የሚባለው የአየር ሙቀት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲሆን የአዲስ አበባ ቀትር ግን 24 ዲግሪ ሊሞላ ይችላል። አየሩ ሲሞቅ ስለሚሳሳ አውሮፕላኑ በዚያ ሰዓት የሚሰማው ከፍታ የመሬቱ ከፍታ አይደለም፤ በ10,500 ጫማ አካባቢ ላይ ያለ ያህል ይሆናል። መንደርደሪያዎቹ እያንዳንዳቸው ከ3,500 ሜትር በላይ ርዝመት ስላላቸው ለትንሽ አውሮፕላን መሬቱ አይጠበውም። የሚያሳስበው ከመሬት ከለቀቀ በኋላ ያለው ሽቅብ ነው፤ በሰሜን በኩል እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ሆኖ ቆሟል፣ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወስደው መንገድም በደጋ ላይ የሚያልፍ ነው።

ቱርቦ (በከፍታ ላይ ለሞተሩ አየር አምቆ የሚሰጥ መሣሪያ) የሌለው የፒስተን ሞተር በየ1,000 ጫማው ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ በባሕር ዳርቻ 300 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው ሞተር በቦሌ ቀትር ላይ 210 ገደማ ይቀረዋል። በዚህ ምክንያት ቱርቦ የሌላቸውን ሁሉ ገና ሳንጀምር ከዝርዝሩ አስወጣን። በነገራችን ላይ ቀላል አውሮፕላኖች በዚህች ከተማ መሀል ይነሱና ያርፉ የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም፤ የልደታው ማረፊያ ቦታ ዛሬ ድረስ ሰፈሩን «አሮጌው ኤርፖርት» ብሎ እንዲጠራ አድርጎታል። እዚያ የሠሩ አንጋፋ አብራሪዎች ቀትር ላይ ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳትን ያለ ምክንያት አይሸሹም ነበር።

በዝርዝሩ ላይ የቀሩት ሦስት ዓይነቶች ናቸው። የመጀመሪያው 310 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ቱርቦ ሴስና 206 ነው። ቱርቦው ጉልበቱን በከፍታ ላይ ስለሚጠብቅለት ከቦሌ መነሳቱ አላሳሰበኝም፤ ዋጋውም ከሌሎቹ በእጅጉ ያነሰ ነበር። ሆኖም የሚጠጣው አቭጋዝ የተባለውን የአውሮፕላን ቤንዚን ነው። የአየር መንገድ አውሮፕላኖች የሚሠሩበት ጄት ኤ1 በቦሌ እንደ ልብ ሲገኝ አቭጋዝ ግን በምሥራቅ አፍሪካ በየቦታው አይገኝም፤ በበርሜል የሚያስመጣ ሰው ማከማቻውን፣ ፈቃዱንና የጥራት ምርመራውን ራሱ ሊሸከም ነው። ከዚህም ሌላ ሙሉ ክብደቱ 1,633 ኪሎ ግራም ብቻ ስለሆነ ለጋምቤላ ደርሶ መልስ ነዳጅ ከተሞላ በኋላ ከአብራሪው ጋር የሚሳፈረው ሦስት ሰው ቢሆን ነው። ይህ ዓይነት ከአንድ ውይይት በላይ አልቆየም።

ሁለተኛው ፒላተስ ፒሲ 12 ሲሆን ባለሀብቱ በልባቸው የመረጡት እሱን ነበር። የውስጥ አየር ግፊቱ የሚጠበቅለት ስለሆነ ተሳፋሪው በከፍታ ላይ አይጨነቅም፣ ባልተነጠፈ መሬት ላይም ያርፋል፣ በ260 ኖት (በሰዓት 480 ኪሎ ሜትር) ገደማ ይበራል። ለቀረበልን ያገለገለ ፒሲ 12 የተጠየቀው ግን ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ጥያቄው ይህ ልዩነት ምን ያስገኛል የሚል ነበር። ከአዲስ አበባ ጅማ በቀጥታ 263 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ካራቫን አንድ ሰዓት ያህል ሲፈጅበት ፒሲ 12 በ40 ደቂቃ ይደርሳል፤ ወደ ጋምቤላ ደግሞ ከአንድ ሰዓት ከአርባ የሚሆነው ወደ አንድ ሰዓት ከአምስት ይወርዳል። ልጃቸው ይህንን ስታይ «አባዬ፣ ሃያ ደቂቃዋ በጣም ተወደደች» አለቻቸው። ጉዟቸው ወደ ጎዴ ወይም ወደ ናይሮቢ የሚያዘወትር ቢሆን ኖሮ ለፒሲ 12 እከራከር ነበር፤ አጭር መንገድ ላይ ፍጥነት የሚከፈልበትን ያህል አይመልስም።

የቀረው ካራቫን ነው። ግራንድ ካራቫን አንድ ፒቲ 6 ተርቦፕሮፕ (ፕሮፔለር የሚያዞር የተርባይን) ሞተር ያለው፣ ጄት ኤ1 የሚጠቀም፣ ሙሉ ክብደቱ 3,969 ኪሎ ግራም የሆነ አውሮፕላን ነው። ለጋምቤላ ደርሶ መልስ በዚያ ነዳጅ ሳይቀዳ እንዲመለስ ከመጠባበቂያው ጋር 700 ኪሎ ግራም ነዳጅ ያዝንለት። ባዶ ክብደቱን 2,250፣ ሁለት አብራሪዎችን 170፣ ስድስት ተሳፋሪዎችን ከነሻንጣቸው 600 ኪሎ ግራም ብለን ስንደምር ገና 250 ኪሎ ግራም ያህል ለፓምፕና ለመለዋወጫ ይተርፋል። በሀገር ውስጥ ካራቫን የሚያበሩ ድርጅቶች ስላሉ በዓይነቱ የሠለጠነ አብራሪና መካኒክ ማግኘትም ይቻላል። ጉድለቱ የውስጥ አየር ግፊቱ የማይጠበቅለት መሆኑ ነው። በምዕራብ ደጋ ላይ ሲያልፍ ከ12,000 ጫማ በላይ መውጣት ስለሚኖርበት፣ ከ10,000 ጫማ በላይ ከ30 ደቂቃ በላይ ለሚደረግ በረራ ለአብራሪዎቹ የሚያስፈልገውን ኦክስጅን መያዝ ግድ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ከፍታ ለምዶ ያደገ ቢሆንም ደንቡ በዚያ አያዝንለትም።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ማለት ይገባል። ባለሀብቱ ይህን ግዢ ሲያስቡ የመደቡት በብር ነበር፤ ያኔ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ግን ዶላሩ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ከ120 ብር በላይ በመድረሱ ያ በጀት በዶላር ሲለካ ከግማሽ በታች ሆነ። ግዢውን ያዳነው ላኪ መሆናቸው ነው፤ በዚያው ለውጥ ላኪዎች ከሚያስገቡት የውጭ ምንዛሪ ግማሹን በራሳቸው ሒሳብ እንዲይዙ በመፈቀዱ ዋጋውን ከዚያ ለመክፈል ተዘጋጁ። ጣሪያው ለምርመራውና ለመጀመሪያው ዓመት ወጪ ጭምር 1,350,000 ዶላር እንዲሆን ተወሰነ። ከዚህ ውስጥ ለአውሮፕላኑ ራሱ ከ1,200,000 በላይ እንዳይከፈል ልጃቸው በቃለ ጉባኤ አስያዘች።

አሁን ወደ ማስታወቂያው ተመለስን። የመጀመሪያው ካራቫን በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ለዓመታት ቱሪስት ሲያመላልስ የኖረ ነበር። ቀለሙ አዲስ፣ መቀመጫው ቆዳ፣ ዋጋውም 980,000 ዶላር ነው። ሞተሩ ከመጨረሻው ኦቨርሆል (ሙሉ እድሳት) ወዲህ 2,900 ሰዓት ሠርቷል። በናይሮቢ የሚገኝ ሌላ ካራቫን ደግሞ ቀለሙ የፈዘዘ፣ መቀመጫው የተጣፈ፣ ዋጋው 1,190,000 ዶላር ሆኖ ሞተሩ ከኦቨርሆል ወዲህ የሠራው 1,150 ሰዓት ብቻ ነው። የዚህ ሞተር የኦቨርሆል ጊዜ 3,600 ሰዓት ሲሆን ለስሌታችን የኦቨርሆሉን ዋጋ 450,000 ዶላር ብለን ያዝን፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የበረራ ሰዓት 125 ዶላር ይበላል። የሁለቱ ሞተሮች ልዩነት 1,750 ሰዓት ስለሆነ 218,750 ዶላር ያህል ያወጣል። የዋጋቸው ልዩነት ደግሞ 210,000 ዶላር ነው። ረከሰ የተባለው አውሮፕላን ገና ከምርመራው በፊት አልረከሰም ማለት ነው።

ባለሀብቱ ይህ ስሌት ብቻውን አላሳመናቸውም። «2,900 የሠራው እስኪያልቅ ድረስ እኔ በዓመት 130 ብበር አምስት ዓመት ይሄድልኛል» አሉ፤ ሒሳባቸውም ትክክል ነው። ስለዚህ ጉዳዩን የፈታው ቦሮስኮፑ፣ ማለትም ወደ ሞተር ውስጥ የሚገባው ትንሽ ካሜራ ሆነ። ከሻጩ ጋር ግንኙነት የሌለውን የጥገና ድርጅት ቀጥረን በሞተሩ ውስጥ ካሜራ ሲገባ በኮምፕረሰር ተርባይኑ ቅጠሎች ላይ ጨው ያለበት አየር ለዓመታት ሲሳብ የሚያመጣው የሰልፈር ዝገት ታየ። የሚገርመው ግን በሙከራ በረራው ላይ ሞተሩ ምንም እንከን አለማሳየቱ ነው።

እንከኑ ያልታየበትን ምክንያት ማስረዳት የዚህ ጥናት ዋና ጉዳይ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ተርቦፕሮፕ ሞተር ሁለት ወሰን አለው፤ አንዱ ቶርክ (ፕሮፔለሩን የሚያዞረው የመጠምዘዝ ኃይል)፣ ሌላው የተርባይኑ የውስጥ ሙቀት ነው። በባሕር ዳርቻ አየሩ ወፍራም ስለሆነ አብራሪው መጀመሪያ የሚደርስበት የቶርኩ ወሰን ነው፤ ሙቀቱ ገና ብዙ ይቀረዋል። የተዳከመ ሞተርም ያንኑ ቶርክ ትንሽ ሞቅ ብሎ ይሰጣል፣ መርፌው ግን ቀይ መስመር ላይ ስለማይደርስ ማንም አያስተውለውም። በቦሌ ቀትር ላይ ግን ሳሳ ባለው አየር ምክንያት የሙቀቱ ወሰን ቀድሞ ይመጣል፤ የተዳከመው ሞተር በባሕር ዳርቻ ደብቆ ያስቀመጠው ድክመት እዚህ በቀጥታ ከሚሸከመው ሰው ቁጥር ላይ ይቀነሳል። ሻጩ አላታለለንም፤ አውሮፕላኑ በሚኖርበት ቦታ በእርግጥ ደህና ነበር። ይህንን የገዛ ሰው ያገለገለ አውሮፕላን የሚገዛው ለሻጩ ማረፊያ ሳይሆን ለራሱ ማረፊያ መሆኑን የሚያውቀው በመጀመሪያው በረራ ላይ ነው።

ለናይሮቢው አውሮፕላን በዚህ ምክንያት አሠራራችንን ለወጥን። የናይሮቢው የዊልሰን ማረፊያ ከ5,500 ጫማ በላይ ከፍታ ያለው በመሆኑ የሙከራው ቦታ ለእኛ ይቀርባል። የሞተሩን ጉልበት ማረጋገጫ በአምራቹ ሠንጠረዥ መሠረት በዕለቱ የአየር ግፊትና ሙቀት አሠራን፤ ሞተሩ በሠንጠረዡ ከተፈቀደው ሙቀት በታች ሆኖ የሚፈለገውን ቶርክ ሰጠ። ከዚያም ያለፉትን ሁለት ዓመታት የሞተር ሁኔታ ክትትል መዝገብ ጠይቀን ሙቀቱ ቀስ በቀስ እየጨመረ አለመሆኑን አየን። ቦሮስኮፑም ንጹሕ ነበር፤ ይሁን እንጂ በ1,800 ሰዓት ላይ የሚደረገው የሆት ሴክሽን (የሞተሩ ትኩስ ክፍል) ምርመራ 650 ሰዓት ብቻ ስለቀረው የዚያን ወጪ በአምስት ዓመት ውስጥ በሚመጣ ዕዳ አስመዘገብነው።

ሎግ ቡኮቹ (የበረራና የጥገና መዝገቦቹ) በሁለት ካርቶን ተሞልተው አዲስ አበባ ሲደርሱ በባለሀብቱ የስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ለአራት ቀን ተዘረጉ። ከአስገዳጅ የበረራ ብቃት መመሪያዎች አንዱ እንደተፈጸመ የሚገልጸው ገጽ ላይ የፈራሚው የፈቃድ ቁጥር አልነበረም፤ በሌላ ቦታ ደግሞ የአንድ ክንፍ ጫፍ የተጠገነበት ዘገባ ከተሠራበት ቀን ሦስት ወር ዘግይቶ የተጻፈ ነው። ሁለቱንም ሻጩ በጥገና ድርጅቱ አማካይነት በማስረጃ እንዲያሟላ ጠየቅን። መጀመሪያ «ጥቃቅን ነገር» ብሎ ቢከራከርም ገንዘቡ እንደማይለቀቅ ሲያውቅ አሟላ።

ያልጠበቅነው ነገር የመጣው ከሕጉ በኩል ነው። ኢትዮጵያ በአውሮፕላን ላይ ያሉ የብድርና የሽያጭ መብቶችን የሚገዛው የኬፕታውን ስምምነት አባል ናት፤ በስምምነቱም መሠረት ከአውሮፕላኑ ባለመብቶች ውስጥ ቀድሞ በዓለም አቀፉ መዝገብ የተመዘገበው ይቀድማል። ስምምነቱ የሚመለከተው ሠራተኞቹን ጨምሮ ቢያንስ ስምንት ሰው እንዲይዝ የተፈቀደለትን አውሮፕላንና ቢያንስ 550 የፈረስ ጉልበት ያለውን የተርባይን ሞተር ስለሆነ ቱርቦ 206 ቢገዛ ኖሮ ይህ ፍለጋ አያስፈልግም ነበር። ካራቫኑ ግን በሁለቱም ይገባል፤ ሞተሩም ከአካሉ ተለይቶ በራሱ ቁጥር ይመዘገባል። በአካሉ ቁጥር ስንፈልግ ምንም አልተገኘም። በሞተሩ ቁጥር ስንፈልግ ግን አንድ የቀድሞ አበዳሪ መብት ሳይሰረዝ ተቀምጦ ነበር። ብድሩ ከተከፈለ ቆይቷል፣ ማሰረዙን ግን ማንም አላስታወሰም። የአውሮፕላኑን ቁጥር ብቻ ፈልጎ «ንጹሕ ነው» የሚል ደብዳቤ የጻፈልን የናይሮቢ ጠበቃ ይህንን አላየውም።

ክፍያው በኤልሲ (ሰነድ ሲቀርብ ባንክ በሚከፍልበት ዋስትና) እንዲሆን ባንኩ ሲጠይቅ ሰነዶቹን የመረጥናቸው በዚህ ልምድ ነው። ኤልሲ የሚከፍለው በወረቀት ላይ እንጂ በዕቃው ላይ አይደለም፤ ስለዚህ ወረቀቱ ዕቃውን እንዲወክል ማድረግ የገዢው ፋንታ ነው። ከሽያጭ ውሉ በተጨማሪ በእኛ የተፈረመ የቴክኒክ ርክክብ ሰነድ፣ ለኤክስፖርት የተሰጠ የበረራ ብቃት ምስክር ወረቀት፣ በሞተሩ ላይ የነበረው መብት መሰረዙን የሚያሳይ የመዝገብ ማረጋገጫና ከኬንያ መዝገብ መውጣቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ካልቀረቡ እንዳይከፈል አስገባን። የመጨረሻው የማይታለፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1944 የተፈረመው የቺካጎ ስምምነት አንድ አውሮፕላን በአንድ ጊዜ በሁለት አገር መዝገብ እንዳይገኝ ስለሚከለክል የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ያለ እሱ ሊመዘግበው አይችልም። የባንኩ ሠራተኛ ለመኪና ግዢ የለመደውን ፎርም አምጥቶ «የቻንሲ ቁጥር» የሚለውን ቦታ እንድንሞላ ሲጠይቀን ከልጃቸው ጋር ተያይተን ሳቅን፤ ዘግይተን ግን የአካሉንም የሞተሩንም የፕሮፔለሩንም ቁጥር እዚያው ጻፍንበት፤ ጉምሩክ ላይ ጠቀመን።

በድርድሩ ዋጋው ወደ 1,165,000 ዶላር ወረደ። የቀነስነው ገንዘብ በመቀመጫው ወይም በቀለሙ ምክንያት አይደለም፤ ፕሮፔለሩ በዓመቱ ውስጥ ኦቨርሆል የሚገባው በመሆኑና የኦክስጅን ጠርሙሱ የግፊት ምርመራ ቀን ያለፈበት በመሆኑ ነው። ባለሀብቱ ቀለሙ እንዲታደስ ቢፈልጉም ለሚቀጥለው ዓመት እንዲቆይ ተስማሙ።

አውሮፕላኑ በሚያዝያ መጨረሻ ከናይሮቢ በአንድ በረራ፣ አራት ሰዓት ያህል ፈጅቶ ቦሌ ገባ። የመጀመሪያውን የጋምቤላ ጉዞ ያደረግነው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ሲሆን ለደርሶ መልሱ የተያዘለትን ነዳጅና ስድስት ሰው ይዞ ሲነሳ ቶርኩ ወሰኑ ላይ ደርሶ ሙቀቱ ገና ህዳግ ነበረው። በሳምንቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በተመሳሳይ ጭነት ሲሞከር ሙቀቱ ቀድሞ ወሰኑ ላይ ደረሰ፤ ሽቅቡም በግልጽ ቀነሰ። ከሁለቱ በረራዎች በተመዘገቡት ቁጥሮች ላይ ተመሥርተን ከዋና አብራሪው ጋር አንድ ገጽ የጭነት ሠንጠረዥ አዘጋጀን፦ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ከሆነ ስድስት ሰው ከነዕቃው፣ ከቀትር በኋላ ከሆነ አራት ሰው ያለ ፓምፕ። ባለሀብቱ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን ካዩ በኋላ «ታዲያ ጸሐፊዋ ስብሰባዬን ሁሉ ወደ ከሰዓት ታዛውረው» ብለው ፈረሙበት፤ ሠንጠረዡም ዛሬ በአውሮፕላኑ በር ውስጥ በኩል ተለጥፏል።